ለገባ ለወጣው የሚነሱት አባት

ይሄን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

እስራኤል አገር ሃይፋ ውስጥ፣ ከሃሊሳ ሰፈር ዳገት ሥር ባለች ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነኝ። ሥራዬ ታካሚው ሐኪሙ ዘንድ ከመግባቱ በፊት የደም ግፊቱን፣ የልብ ምቱንና ሙቀቱን ለክቼ ኮምፒውተሩ ላይ መመዝገብ ነው። ግፊት የሚለካው ሰውየው ጀርባውን አስደግፎ፣ ሳያወራ አምስት ደቂቃ ካረፈ በኋላ ነው፤ አለዚያ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። እኔም ተምሬዋለሁ፣ ሐኪሙም ተምሮታል፣ ግድግዳችን ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ግን ለአንድ ሰው የሚሰጠኝ ጊዜ ራሱ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ስለዚህ ታካሚው ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ የመለኪያውን ጨርቅ ክንዱ ላይ እንጠመጥማለን።

ከኔቬ ዮሴፍ ሰፈር የሚመጡ አንድ የጎንደር ሽማግሌ ነበሩ። እኔ አባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ልጄ ይሉኛል። መተላለፊያው ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ ሰው ባለፈ ቁጥር «ኖር!» ብለው ብድግ ይላሉ። ለሐኪሙ ይነሳሉ፣ ለጸሐፊዋ ይነሳሉ፣ ወለል ለምትወለውለው ሴት ይነሳሉ፣ የልጅ ልጃቸው ለሚሆን ጎረምሳ እንኳ ይነሳሉ። አገር ቤት ቢሆን «በእግዜር፣ ይቀመጡ» ብሎ ቶሎ የሚያስቀምጣቸው አይጠፋም። እዚህ መልሱን የሚያውቅ ስለሌለ፣ ሰውየው አልፎ እስኪሄድ ቆመው ይቀራሉ። ጸሐፊዋ «እንዴት ደስ የሚል አክብሮት ነው!» ትላለች። ሁሉም ወደደላቸው። ያ አክብሮት ስንት ጊዜ እንዳስነሳቸው ግን ማንም አልቆጠረም። እኔም «ኖር» ሲሉ በበሩ በኩል እየሰማሁ ለብቻዬ ፈገግ እል ነበር።

ከዚያ ገብተው፣ ይቀመጡ እስክላቸው ቆመው፣ ገና ሲቀመጡ እለካቸዋለሁ። መቶ ስልሳ ስምንት። ሐኪሙ ክኒን ጻፈ። በሚቀጥለው ጊዜ መቶ ሰባ አምስት፣ ሁለተኛ ክኒን። ቀጥሎም ሦስተኛ። «መድኃኒቱን በደንብ እየወሰደ አይደለም» አለኝ ሐኪሙ። እሳቸው አንድም ቀን አላጓደሉም።

ሦስተኛው ከተጨመረ በኋላ ልጃቸው ደወለችልኝ።

«አባዬ ወደቀ። ጎረቤት ስትገባ ኖር ብሎ ተነሳና በአፍጢሙ ተደፋ። እጁ ተሰብሯል።»

ከሥራ እንደወጣሁ መለኪያዬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። ጄሶ የታሰረ እጃቸውን እንደያዙ ሊነሱልኝ ሲሉ «በእግዜር! በእግዜር!» እያልኩ ሮጬ አስቀመጥኳቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ አምስት ደቂቃ ዝም አልን። ከዚያ ለካሁ። ዘጠና ስምንት በሃምሳ ስድስት። ቤታቸው ዐርፈው ሲቀመጡ ግፊታቸው ይሄን ያህል ዝቅተኛ ነው። የጣላቸው የእኛ ክኒን ነው።

በማግሥቱ ለሐኪሙ ሁሉንም ነገርኩት። ከኮምፒውተሩ ዓይኑን ሳያነሳ ሰማኝ።

«ቤሰደር፣ እሺ፣ ሁለቱን እናቋርጥለታለን። ግን ንገሪው፣ ለሰው መነሳቱን ይተው።»

ይተው! የሰው እጅ ሰብረን ጥፋቱ የእሳቸው ትሕትና ሆነ። ከክፍሉ ስወጣ በሩን ያለ ልማዴ ወርውሬ ዘጋሁት። ከሁሉ የባሰው ግን በራሴ መናደዴ ነበር። ሐኪሙ ኖር ምን እንደሆነ አያውቅም እንበል። እኔስ? አባቴ ለሰው ሲነሳ እያየሁ ያደግሁ፣ ቁጥሩን በገዛ እጄ ሦስት ጊዜ የጻፍኩ፣ እኔስ ምን ልባል ነው?

ከሦስት ሳምንት በኋላ አባ መጡ። መተላለፊያው ላይ ከመቀመጣቸው በፊት ቀጥታ ክፍሌ አስገባኋቸው። በሩን ዘግቼ መደገፊያ ባለው ወንበር አስቀመጥኳቸውና ሰዓቴን አየሁ። ሦስት ደቂቃ እንደሞላ ሐኪሙ በሩን ከፈተው።

«ምን ሆናችሁ? ውጭ ሰው ሞልቷል!»

አባ በደህና እጃቸው ወንበሩን ተደግፈው ሊነሱ ሲሉ መዳፌን ትከሻቸው ላይ አሳረፍኩ። በሕይወቴ ሽማግሌ ሊነሳ ሲል ተጭኜ አላውቅም።

«ኧረ ልጄ፣ ነውር ነው። ሐኪሙ ቆመው?»

«ነውሩ በእኔ ይሁን፣ አባ።» ወደ ሐኪሙ ዞሬ በዕብራይስጥ «ሁለት ደቂቃ ይቀራል። እዚያው ቁም» አልኩት።

ተቆጥቶ ይወጣል ብዬ ነበር፣ ግን ቆመ። ሰዓቱ ሲሞላ ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠምጥሜ ለካሁ። መቶ ሠላሳ ሁለት በሰባ አራት፣ በአንድ ክኒን። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አየ።

«ይሄ ትክክል ነው?»

«እዚህ ክሊኒክ በትክክል ሲለካ ይሄ የመጀመሪያው ነው» አልኩት።

ጨርቁን ሳወልቅላቸው አባ ቀስ ብለው ወደ እኔ ቀና አሉ።

«አሁንስ ልነሳላቸው?»