ያልቀለጠው የነሐስ እጅ

በዚህ ዕድሜዬ የጃፓን ሮቦት እሰበስባለሁ ስል ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ልጅ እንዳለኝ ይጠይቃል። ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ መስጠት ካቆምኩ ቆይቷል። እዚህም አልመልስም። የምጽፈው ስለ ሮቦቶቹ ነው፤ በተለይ ግራ እጁ ነሐስ ስለሆነው ስለ አንዱ።

የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ የተሠሩ የልጆች መጫወቻዎች ናቸው። ከሩቅ ፕላስቲክ ይመስላሉ። ሰው ሲያነሣቸው ክንዱ ወረድ ይላል፣ ፊቱም ይለወጣል። ብረት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የወጡ ስለሆኑ ይከብዳሉ። ቀንድ ያላቸው አሉ፣ ክንፍ ያላቸው አሉ። የብዙዎቹ ክንድ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት በሞላ የተያዘው ቡጢ ተወንጭፎ ይወጣል። ያረጁት ሁሉ እጅ የሚያጡት በዚህ ምክንያት ነው። ልጅ ይተኩሰዋል፣ ቡጢው አልጋ ሥር ይገባል፣ በቃ።

የመጀመሪያውን ያገኘሁት አዳማ ገበያ ውስጥ ሳልቫጅ ስነግድ ነው። የልጆች ልብስ ቦንዳ ስፈታ አንድ ሰማያዊ ካፖርት ከሌሎቹ ከበደኝ። ኪሱ ውስጥ አንድ ባለ ቀንድ ሮቦት ነበር። ግራ እጁ የለም፤ እግሩ ሥር በእንግሊዝኛ ፊደል ጃፓን ተብሎ ተጽፏል። አጠገቤ የምትሸጠው ሴት "ጣይው እንጂ፣ ሰባራ ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ስትነካ ለምትውል ሴት ጠንካራ ነገር መጨበጥ ደስ ይላል። ከዚህ የተለየ ምክንያት አልነበረኝም።

እጁን ያሠራሁለት ራዲያተር የሚበይድ ሰውዬ ዘንድ ነው።

"ለማን ነው?" አለኝ።

"ለእኔ።"

"ለልጄ ነው በይ፣ እሱ ያምርብሻል" ብሎ ሳቀ።

ከአሮጌ ራዲያተር የተረፈ ቁራጭ ነሐስ ነበረው። መጀመሪያ በከሰል ሊያቀልጠው ሞከረ። ወናፉን ሲነፋ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ስመለከት አረፈድን። ነሐሱ ቀላ እንጂ አልቀለጠም። በመጨረሻ ተሳድቦ ጣለውና ሲቀዘቅዝ በሞረድ እየፋቀ ቡጢ አወጣለት። ከቀኝ እጁ ትንሽ ይወፍራል። እንደዚያ ያለ እጅ ያለው ሮቦት በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሞጆ ላይ የሚያድሩትን የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ማዘዝ ጀመርኩ። ጅቡቲ ወደብ ላይ መርከበኞች የሚጥሉት ዕቃ ሁሉ ይሸጣል። ሾፌሮቹ ከሩቅ ሲያዩኝ "አካም ጅርቱ፣ የሮቦቶች እናት!" ይሉኝ ነበር። "ፕላስቲክ እንዳታመጡብኝ" እላቸዋለሁ። "ነክሰን እናረጋግጣለን" ይላሉ። አንዳንዱ እውነትም ነክሶ ያመጣል፤ የጥርስ ምልክት ያለበት አንድ ነበረኝ። በካቻቢቴ እፈታቸዋለሁ፣ በጥርስ ብሩሽ አጸዳቸዋለሁ፣ መገጣጠሚያቸውን የስፌት መኪና ዘይት አጠጣቸዋለሁ። ከዚያ ሳሎን ውስጥ መደርደሪያ ላይ ይቆማሉ።

ባሌ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። ስለ ሮቦቶቹ ክፉም ደግም አልተናገረኝም። የተናገረችው ታላቅ እህቱ ናት። ወለንጪቲ የምትኖር፣ የጸሎት ቡድን የምትመራ፣ ድምጿ ሲነሣ ሰው የሚቆምላት ሴት ነበረች። እትዬ ነበር የምላት፤ ዛሬም እንደዚያው ነው። አንድ ቀን እንግዶች በተቀመጡበት መደርደሪያውን ቁልቁል ከላይ እስከ ታች አየችውና፣

"እነዚህ ምንድን ናቸው?" አለች።

"መጫወቻ ናቸው፣ እትዬ።"

"የማን መጫወቻ?"

ትሪውን አንሥቼ ለእንግዶቹ እንጀራ ጨመርኩ።

"ቀንድ ያለው ነገር ቤትሽ ውስጥ አቁመሽ ማሕፀን ይከፈታል ብለሽ ነው?"

እንግዶቹ ምግባቸውን አዩ። ባሌም ምግቡን አየ።

ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቼ ለሥራ ሻሸመኔ ሄድኩ። የውጭ ሰዎች ትተውት የሄዱትን የቤት ዕቃ ከሚሸጥ ሱቅ አንድ ቀይ ሮቦት አገኘሁና በነጠላዬ ጠቅልዬ ተመለስኩ። ቤት ስገባ መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ተወልውሏል እንኳ።

"ተጸለየበት" አለኝ ባሌ። "እህቴና ቡድኗ መጥተው ነበር።"

"በሩን ማን ከፈተላቸው?"

"ሁሉም ተቃጥሏል፣ ዓይኔ እያየ። ለእኛ ብለው ነው" አለ።

ጓሮ ሄድኩ። አመዱ ገና ይሞቃል። ወንፊት አምጥቼ መንፋት ጀመርኩ። ብረታቸው እንደ ሊጥ ተንጠፍጥፎ ደርቋል፤ ጥቋቁር ብሎኖችና ሞላዎች ወጡ። ጎረቤቴ ከአጥር ማዶ፣

"ምን ጠፍቶብሽ ነው?" አለች።

"እጅ።"

"የምን እጅ?"

"የነሐስ።"

ትንሽ ቆማ አየችኝና ወደ ቤቷ ገባች። አመዱን እስከ መጨረሻው ነፋሁት፤ ነሐስ የለበትም። ያ ሰውዬ በወናፍ ያላቀለጠውን ነሐስ የጓሮ እንጨት አያቀልጠውም። አንዱ አልተቃጠለም ማለት ነው። አንድ ሰው ወስዶታል።

ለባሌ ይህንኑ ነገርኩት። "አመድ ለአመድ ስትሄጂ ጎረቤት ምን ይላል?" አለኝ።

ትዳሬን አልፈታሁም። ለምን እንዳልፈታሁ የእኔ ጉዳይ ነው። ቤተ ክርስቲያን መሄዴንም አልተውኩም፤ የምቀመጠው ግን ከኋላ ነው። ከሻሸመኔ ያመጣሁትን ቀዩን ሮቦት መኝታ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩበት፤ ስብስቡም ከእሱ እንደገና ተጀመረ። ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ወለንጪቲ የእህቱን ቤት ግን አልረገጥኩም። አመመኝ እላለሁ፣ ሥራ አለብኝ እላለሁ። በደንብ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ያን ሮቦት አንድ ቀን አገኘዋለሁ፣ ሳገኘውም ይዤው እመለሳለሁ።

ከብዙ ዓመታት በኋላ ልጇ ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ግን መቅረት አልተቻለም። ሳሎኗ በዘመድ ሞልቷል። አዲስ ቡፌ ገዝታለች። ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ ከልጁ የመዋዕለ ሕፃናት ፎቶ አጠገብ ቆሞ አየሁት። የነሐሱ እጅ ብልጭ ብሎ ነው ያሳየኝ።

ባሌ ቡፌውን አየ፤ ከዚያ ጫማውን አየ። ያን ጊዜ ነው እሱም ያውቅ እንደነበር የገባኝ።

"ቡፌዎ ያምራል፣ እትዬ" አልኳት።

"ጌታ ይመስገን" አለችና የመስታወቱን በር ጠበቅ አድርጋ ዘጋችው።

በዚያ ቀን አልተናገርኩም። የሰው ድግስ ነበር። ባሌም በሕይወት ነበረ፤ ከወንድምና ከእህት ጋር በአንድ ጊዜ ለመጣላት አቅም አልነበረኝም። ቀን እስኪመጣ ጠበቅሁ። ባሌ ታመመ፣ አስታመምኩት፣ ቀበርኩት። እሱም ያቺን ነገር ሳያነሣት ሄደ።

ባለፈው ዓመት የእትዬ ጉልበት እምቢ ሲላት ልጇ አዳማ ወደ ራሱ ቤት ሊያመጣት ወሰነ። ዘመድ ዕቃ ለማሸግ ተጠራ። እኔም ጋዜጣ በዘንቢል ይዤ ሄድኩ። "ቡፌውን ለእኔ ተዉልኝ፣ ብርጭቆ መጠቅለል እችልበታለሁ" አልኩ። ማንም አልጠረጠረም። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ጠቅልዬ ስጨርስ ሮቦቱ ብቻውን ቀረ። አነሣሁት። ክብደቱን እጄ አልረሳውም።

ልጇ ካርቶን ይዞ ገባ። አሁን ጎልማሳ ነው፣ የአንዲት ሴት ልጅ አባት።

"አክስቴ፣ እሱን ለእኔ ይተዉልኝ፤ የልጅነቴ ነው" አለኝ በፈገግታ።

"ያንተ አይደለም" አልኩት።

"እንዴት?"

ነገርኩት። መደርደሪያውን፣ እሳቱን፣ ወንፊቱን፣ እጁን የሠራውን ሰውዬ። ድምፄን አላነሣሁም፤ ለማንሣትም ደክሞኝ ነበር። እናቱ በሚቀጥለው ክፍል ከዘራዋን ይዛ አልጋ ላይ ተቀምጣለች፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሁሉን ትሰማለች።

"እማዬ?" አላት።

"እግዚአብሔር ከእሳት ያወጣበትን ምክንያት እሱ ያውቃል" አለች።

"ያወጣው ማን ነው እትዬ?" አልኳት።

ከዘራዋን አልጋው ላይ አስደገፈች። "ልጁ ይዞት ነበር" አለች። "አብሮኝ መጥቶ ነው። አራት ዓመቱ ነበር። ከእጁ ላስለቅቀው ስል አለቀሰ፣ ትንፋሹ እስኪቋረጥ አለቀሰ። አቃተኝ።"

"ቀንዱ አላስፈራዎትም? ለልጅዎ?"

"ጸልየንበት ነበር።"

"በሌሎቹ ላይስ መጸለይ አይቻልም ነበር?"

ወደ ልጇ ዞራ ውሃ ስጠኝ አለችው። እሱ ውሃውን አመጣላት፣ ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ሮቦቱን ከእጄ ወሰደው። አይሰጠኝም ብዬ ነበር። የክንዱን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጫነው፤ ምንም አልወጣም።

"ሞላው ከሞተ ቆይቷል" አለኝ። "ሰባት ዓመቴ ላይ ነው የሞተው። ያን ቀን አልረሳውም።" ከዚያ በሁለት እጁ አቀረበልኝ። "ይቅርታ አክስቴ። አላውቅም ነበር።"

ተቀበልኩት። ለእሱ ትቼለት ብሄድ ጥሩ ሴት የሚሉኝ እንደነበሩ አውቃለሁ። አልተውኩለትም። በጋዜጣ ጠቅልዬ ዘንቢሌ ውስጥ አስገባሁት፣ ካርቶኖቹን እስከ መጨረሻው አብሬ አሰርኩ፣ በሚኒባስ ወደ አዳማ ተመለስኩ።

ቤት ገብቼ ከሌሎቹ አጠገብ አቆምኩት። የእኔዎቹ ቀለማቸው አለ። የእሱ ወገቡ ላይ በሁለቱም በኩል ቀለሙ አልቆ ብረቱ ነጥቷል፤ ትንሽ እጅ የሚይዝበት ቦታ ነው። ካቻቢቴ አውጥቼ ላየው ብዬ ተውኩት። ሞላ መለወጥ ይቻላል። ቀኑ ግን ረጅም ነበር።

በሳምንቱ ልጇ ደወለ። "አክስቴ፣ ልጄ ሮቦቱን ልታየው ትፈልጋለች። ስለ እሱ ብዙ ነግሬያት ነበር። እሑድ ብናመጣት?"

"አምጣት" አልኩት። "እጇን ታጥባ።"

"እማዬም ብትመጣስ? ሁለታችሁ ቁጭ ብላችሁ…"

"ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃው ያስቸግራታል" አልኩት።

ቤቴ ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም። እሱም ያውቃል። እሺ አክስቴ አለና ስልኩን ዘጋ።