የክረምት አደራ

በደርግ ዘመን በየስብሰባው «ምርት ይጨምር» ሲባል፣ ሀዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያሰግሩት አጎቴ ክረምት በገባ ቁጥር መረባቸውን ከግድግዳው ምስማር አውርደው ለማዶ አስጋሪዎች ይሰጡ ነበር። የእነሱንም ተቀብለው እኛ ቤት ያስቀምጣሉ። ዓሣው እንዲራባ ነው።

«የራሴ መረብ ያባብለኛል፤ የሰው አደራ ግን አልነካም» ይሉኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ አረፉ። ማዶዎቹ ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡ መረቡን ተሸክመው፣ «አደራቸውን እንመልስ ብለን ነው» አሉ።

አክስቴ እንባቸውን ጠርገው መረቡን ዳበስ አደረጉትና፣ «ዓሣው ሳይራባ? እሳቸው ቢኖሩ አይቀበሏችሁም። በሉ፣ መልሳችሁ ውሰዱት» አሏቸው።

መስከረም ሲጠባ አመጡልን። አጎቴ ረጅም ነበሩ፤ ምስማሩን የመቱትም የራሳቸው እጅ እስከሚደርስበት ከፍታ ነበርና፣ መረቡን ልንሰቅል ብንንጠራራ ማናችንም አልደረስንበትም።