የመንደራችን ውሃ በኔደልቾ ራዲያተር

ኔደልቾ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ከመንደራችን ከሶለን ዶል ውጭ ኖሮ አያውቅም። በአሮጌ ነጭ ሚኒባሱ በሳምንት ሦስት ቀን ጎረቤቱን ዝላትካን ተራራውን አሻግሮ ከተማው ሆስፒታል ያደርሳታል። ዝላትካ የኩላሊት እጥበት ላይ ናት። አንድ ቀን ከቀረች እግሯ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ከዚያ በላይ ብትቀር የሚሆነውን በመንደሩ አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም። አውቶቡስ ወደ እኛ መምጣት ካቆመ ቆይቷል። መኪና መንዳት የሚችሉት ልጆች ደግሞ ስፔንና ጀርመን ናቸው።

ነሐሴ ላይ ሚኒባሱ ዳገት በያዘ ቁጥር መሞቅ አመጣ።

ኔደልቾ ፈተሸ። ማራገቢያው ይዞራል። የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ አልላላም። ቱቦዎቹ አያፈሱም። ዘይቱ ውስጥ ውሃ አልገባም፤ የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ደህና ነው ማለት ነው። ሲሞቅ ተከፍቶ ውሃ የሚያሳልፈውን ቴርሞስታት ፈትቶ በድስት ቀቀለው፤ ውሃው ሲፈላ ተከፈተ፤ እሱም ደህና ነው። ሚስቱ ድስቱን ወስዳ ጣለችው። የቀረው ራዲያተሩ ነበር፤ እሱን ግን አልጠረጠረም። ውስጡ ያለው የመንደራችን የምንጭ ውሃ ነዋ። ሰው ከዋና ከተማው ከሶፊያ ድረስ ጀሪካን ጭኖ የሚመጣለት ውሃ ነው። የኩላሊት ጠጠር ይሰብራል ይባላል። ኔደልቾ የሚሸጠውን የማቀዝቀዣ ፈሳሽ «የሱቅ ቀለም ለሰነፍ ነው» እያለ እየናቀ ዓመታት ሙሉ ራዲያተሩን ከምንጩ ሲሞላ ኖሯል።

ረቡዕ ጠዋት ዳገቱ መሃል ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ። ኔደልቾ ጥግ ይዞ አቆመ።

«ደግሞ ፈላብህ?» አለች ዝላትካ።

«ትንሽ ተቆጣ እንጂ አልፈላም።»

«አንተም ስትቆጣ እንዲሁ ነህ፤ በአፍንጫህ ጭስ ይወጣል።»

ኮፈኑን ከፈተ። የራዲያተሩን ክዳን አልነካም፤ ሞተሩ እስኪበርድ ጠበቀ። ቆየት ብሎ በእጁ ጀርባ ራዲያተሩን ዳሰሰ። ዳርና ዳሩ ያቃጥላል። መሃሉ ቀዝቃዛ ነው። ደግሞ ዳሰሰ።

«መሃሉ ቀዝቃዛ ነው» አለ።

«ታዲያ ቀዝቃዛ ከሆነ ምን ጎደለህ?»

«ውሃው በዚያ አያልፍም ማለት ነው። ተደፍኗል።»

«በምን?»

ዝላትካ አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«እኔ ልንገርህ? ሆስፒታል ያለችውን ነርስ ለኩላሊት ማጠቢያው ማሽን ከምንጫችን ውሃ ላምጣላችሁ ብላት ሳቀችብኝ። መጀመሪያ ካልተጣራ ማሽኑን ድንጋይ ያደርግብናል አለች። የሻይ ማንቆርቆሪያህ ታቹ ምን ያህል ነጭ ድንጋይ እንደያዘ አይተህ ታውቃለህ?»

«የኛ ውሃ ድንጋይ ይሰብራል እንጂ ድንጋይ አይሆንም!»

«እስከ ዛሬ ስጠጣው ኖሬ የኔን ኩላሊት ምን አደረገልኝ?»

ኔደልቾ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተና የጎደለውን ሞላ። ከዚያ መስኮቶቹን ሁሉ አውርዶ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ለቀቀው።

«በነሐሴ? ልትቀቅለኝ ነው እንዴ?»

«ከሞተሩ ሙቀት ተካፈዪልኝ። አለዚያ አንደርስም።»

ዝላትካ ብዙ ውሃ መጠጣት ተከልክላለች። አንድ ቁራጭ ሎሚ እየመጠጠች፣ ላቧ እየወረደ፣ ሳትነጫነጭ ተካፈለችለት። በዝቅተኛ ማርሽ እየተጎተቱ ጫፉ ላይ ወጡ። ሆስፒታሉ ሲደርሱ ሰዓቱ አልፏል፤ ነርሷ ግን ማሽኑን ለሌላ አልሰጠችም ነበር።

ዝላትካ ማሽኑ ላይ ስትተኛ ኔደልቾ ወደ መካኒኩ ወደ ስታመን ግቢ ገባ። ስታመን የላይኛውን ቱቦ ነቅሎ ጣቱን ከተተ። ነጭ ቅርፊት ይዞ ወጣ።

«ጋሼ ኔደልቾ፣ ይሄ ራዲያተር ነው ወይስ የኖራ ድንጋይ ዋሻ?»

«ቀልዱን ተወውና እጠብልኝ። እሷ እስክትጨርስ መድረስ አለብኝ።»

ሴቶች ለማርማላታ የሚገዙትን ኮምጣጣ የሎሚ ጨው፣ ሲትሪክ አሲድ፣ ከሱቅ አመጡ። በውሃ አሟሙተው ጨመሩት፣ ሞተሩን አስነስተው አዞሩት፣ ሲበርድ ደፉት። ኖራ መሰለ። ደገሙት። ኩልል ያለ ውሃ ሲወጣ ስታመን አረንጓዴውን የሱቅ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ አቀበለው። ኔደልቾ መራራ መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ፊቱን አጨማዶ በራሱ እጅ ሞላው።

ሲመለሱ ቀስቱ መሃል ላይ ቆመ፤ ዳገቱ ሁሉ አላነቃነቀውም። ዝላትካ ገርጥታ መቀመጫው ላይ ተደግፋለች።

«አንቺ ባትነግሪኝ ሞተሩን አቃጥለው ነበር» አለ ኔደልቾ። «እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሞተሩ ቢቃጠል እኔ የት እደርስ ነበር? አንተም እግዜር ይስጥህ።»

ዓርብ ጠዋት ዝላትካ በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ የአይብ ቂጣ፣ ባኒትሳ፣ ይዛ ወጣች። አይቡን አብዝታበታለች። እሷ አይብም ጨውም ተከልክላለች።

«ብላ» አለችው። «ሽታው ለኔ ይበቃኛል።»

እሱ በአንድ እጁ እየነዳ፣ ፍርፋሪው ጭኑ ላይ እየወደቀ በላ። እሷም እያየችው ዳገቱን ወጡ።