ነብሩ ከሾላው ሲርቅ

ከፊንስበሪ ፓርክ ጣቢያ ጀርባ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥ የካውንስል የኪራይ ፎቅ ውስጥ፣ ልጅ ሳለሁ አመሻሹን የማሳልፈው ከእኛ በታች በሚኖሩት በጋሽ ሃብቶም ቤት ነበር። እናቴ በአረጋውያን መጦሪያ የከሰዓት ሺፍት ስለምትሠራ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ከጀርባዬ ሳላወርድ የእሳቸውን በር አንኳኳለሁ። ጋሽ ሃብቶም አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ እዚህ ደግሞ ረጅም ዘመን አውቶቡስ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ስለነበር፣ እሳቸው እኔን ይጠብቁኝ እንደነበር ወይስ እኔ እሳቸውን፣ አላውቅም።

አማርኛቸው ከእናቴ አማርኛ የተለየ፣ ጥንቅቅ ያለና ትንሽ የቆየ ነበር። እኔ እንግሊዝኛ ቀላቅዬ ሳወራ አያርሙኝም፤ ያልኩትን ራሳቸው በጥሩ አማርኛ መልሰው ይሉታል፣ እኔም ሳይታወቀኝ እከተላቸዋለሁ። ከቤታቸው ጀርባ ጠባብ ጓሮ ነበረቻቸው፤ ሙቀቱ ሲገባ ከቱርኮቹ ሱቅ በቆሎ ገዝተው በከሰል ይጠብሱባታል። ያኔ ጭሱ ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ እየተሳበ በየሰዉ መስኮት ይገባ ነበር። አንድ ቀን ከላይኛው ፎቅ አንድ እንግሊዛዊ ጎረቤት አንገቱን አውጥቶ እሳት ተነስቶ እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ሃብቶም የተጠበሰ በቆሎ አስይዘው ወደ እሱ ላኩኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰውየው ጭሱን ሲያይ ሳህን ይዞ ወረደ።

ተረቱ የሚመጣው በቆሎው ተበልቶ ፍሙ አመድ መልበስ ሲጀምር ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ ሳሎን ውስጥ፣ የጨርቅ ከለላዋ በአንድ ጎን በተቃጠለ የጠረጴዛ መብራት ሥር እንቀመጣለን። ጋሽ ሃብቶም ተረት ሊጀምሩ መሆኑ አይታወቅባቸውም፤ ስለ ጎረቤት እንደሚያወራ ሰው «ያን ነብር ታውቂዋለሽ አይደል?» ይሉኛል። «የቱን ነብር?» ካልኩ አለቀ፤ ተረቱ ውስጥ ገብቻለሁ።

ነብሩ ከአንድ ገደል ሥር፣ በትልቅ ሾላ ጥላ ውስጥ ይኖር ነበር። ሾላው ፍሬ ከመብዛቱ የተነሳ ቅርንጫፉ መሬት ይነካል፤ ነብሩ ሥጋ በል ነውና ፍሬውን አይቀምሰውም፣ ሌላውንም አያስቀምስም። ከገደሉ ላይ በቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ የሚኖሩት ሽኮኮዎች ፍሬውን ቁልቁል እያዩ ይራባሉ። የወረደ አይመለስም። ነብሩን ባዩ ቁጥር እያንዳንዳቸው በየፊናቸው ይሮጣሉ፣ እሱም ከመካከላቸው ያሻውን መርጦ ይይዛል። በመጨረሻ አንዲት ጥርሷ የተሰበረ አሮጊት ሽኮኮ፣ «ስንበታተን እኮ እያንዳንዳችን ብቻችንን ነን። ተጠጋግተን እንቁም፤ ያየነውንም እየጮኽን እንነጋገር» አለቻቸው። እንዳለችው ከቋጥኙ ጫፍ ተጠጋግተው ቆሙና ነብሩን ይጠሩት ጀመር። ተናዶ ዘለለ። እነሱ ስንጥቁ ውስጥ ገቡ፣ መዳፉ አልገባ አለው። ከፍ ካለው ቋጥኝ ላይ ሆነው ደግሞ ጠሩት፤ ደግሞ ዘለለ። እንዲህ እያሉ ከሾላው አራቁት፤ ሳይታወቀው የገደሉ አናት ላይ ደረሰ። ከታች ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ድንጋይ ሥር ተደብቃ የቀረች አንዲት ፈጣን ሽኮኮ ነበረች። ነብሩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ብድግ ብላ ሾላው ላይ ወጣች፣ ፍሬ የሞላበትን ቅርንጫፍ በጥርሷ ቆርጣ እየጎተተች ወደ ስንጥቁ ገባች።

«ነብሩ ከዚያ በኋላም ነብር ነው» ይሉ ነበር ጋሽ ሃብቶም ሲጨርሱ። «እነሱም ሽኮኮ ናቸው። ግን ያን ቀን በልተው አደሩ።»

እኔ ነብሩ ገደል ገብቶ እንዲሞት እፈልግ ነበር። እሳቸው ግን አንድም ቀን አልገደሉልኝም።

አደግሁና ሃክኒ ሰፈር ውስጥ ኮሌጅ ገባሁ። እዚያ የሴቶች የእግር ኳስ ቡድን ነበር፤ ቡድን ከተባለ ማለቴ ነው። ማሊያችን በብዙ እጥበት ቀለሙን የጨረሰ፣ ሜዳችን ዝናብ ሲጥል መሀሉ ኩሬ የሚሠራ ነበር። አሰልጣኛችን የባዮሎጂ አስተማሪ ነበረች፤ ኳስ ስለምትወድ ብቻ ከሥራ በኋላ ከእኛ ጋር ትረጥባለች። እኔ ረጅም ስለሆንኩ ተከላካይ፣ ሌላ ሰው እምቢ ስላለ ደግሞ አምበል ሆንኩ። በረኛችን ዘይነብ ነበረች፣ ሳቋ ከሜዳው ማዶ የሚሰማ የሱማሌ ልጅ። አጥቂያችን ክሎይ አጭርና ቀጭን፣ ግን ስትሮጥ ዓይን የማይደርስባት ነበረች።

ከቴምዝ ወንዝ ማዶ ያለ አንድ ኮሌጅ ነበር፤ የሁላችንም ቅዠት። የራሳቸው ሜዳ፣ ሁለት አሰልጣኝ፣ ስማቸው የተጻፈበት ጃኬት ነበራቸው። ባለፈው ዓመት ሜዳቸው ሄደን ስምንት ለባዶ ተሸንፈናል። ዘንድሮ ደግሞ ለዋንጫው ዕጣ ሲወጣ እነሱ ደረሱን፣ በእኛ ሜዳ።

በግጥሚያው ዋዜማ ልምምድ ጨርሰን መልበሻ ክፍል ተቀምጠን ሳለ አንዷ «ለምን ታመናል አንልም?» አለች። የሳቀ አልነበረም። ሌላዋ፣ «እውነቷን ነው፤ ቤተሰቤ ሊያይ ይመጣል፤ ወንድሞቼ ፊት አልዋረድም» አለች። ዘይነብ እንኳ አንገቷን ደፍታ የጓንቷን ክር ትፈታ ጀመር። ያለፈው ዓመት ስምንት ጎሎች የገቡት በእሷ ላይ ነበር። አሰልጣኛችን ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ሰማች። «አላስገድዳችሁም» አለች። «ካልተጫወታችሁ ግን ከውድድሩ ወጥተናል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ቡድን ይኑር ብሎ የሚሰማኝ አይኖርም። ጠዋት ምሕረት ትደውልልኝ።»

ምሕረት እኔ ነኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ሥራ ነበረች። እግሬ ራሱ ወደ ጋሽ ሃብቶም በር ወሰደኝ። ያኔ እሳቸው አርጅተው፣ ጉልበታቸውን ብርድ ልብስ አልብሰው በዚያው መብራት ሥር ይውሉ ነበር።

«ጋሽ ሃብቶም፣ እስቲ የሽኮኮዎቹን ተረት ይንገሩኝ።»

«አሁን? ይህን አክለሽ?»

«ነገ ግጥሚያ አለን።»

ከዚህ በላይ አልጠየቁኝም። መነጽራቸውን አወለቁና ጀመሩ፤ ድምፃቸው ደከም ቢልም አሮጊቷ ሽኮኮ ስትናገር እንደ ድሮው ቀጠን ያደርጉታል። ነብሩ ዘለለ፣ ወጣ፣ ደግሞ ዘለለ። የገደሉ አናት ላይ ሲደርስ ደክሞት ተኛ፤ ሽኮኮዎቹም ቀስ ብለው ወርደው በሉ።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኳቸው። «ታች የቀረችውስ?»

«የቷ?»

«ድንጋይ ሥር የተደበቀችው ፈጣኗ! እነሱ ነብሩን ወደ ላይ ሲጠሩት እሷ አይደለች እንዴ ቅርንጫፉን የቆረጠችው?»

ጋሽ ሃብቶም መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «እኔ እንዲህ ብዬ አላውቅም» አሉ።

«ብለዋል እንጂ! ስንት ጊዜ!»

«የኔ ልጅ፣ ይህን ተረት የነገሩኝ አያቴ ናቸው። ነብሩ ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ እነሱም ይበላሉ። ታች የቀረች ሽኮኮ የለችም። ያስቀረሻት አንቺ ነሽ።»

ምናልባት አንድ ምሽት ፍሙ አጠገብ እንቅልፍ ወስዶኝ ቀሪውን በሕልሜ ጨርሼው ይሆናል። ምናልባትም የሚጠብቁት ሽኮኮዎች አሰልችተውኝ ነው። እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ደነገጥኩ፤ የእሳቸውን ነገር ያበላሸሁባቸው መሰለኝ። እሳቸው ግን እያሰቡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የእኔዎቹ ነብሩ እስኪተኛ ይጠብቃሉ» አሉ። «ባይተኛስ? የአንቺዎቹ አይጠብቁም። የአንቺው ይሻላል፤ እሱን ውሰጂ።» ከዚያ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከሉና «ነገ የት ነው?» አሉኝ።

«ሃክኒ ነው፤ በየትኛው አውቶቡስ እንደሚመጡ ልንገርዎት…»

«ለእኔ ነው አውቶቡስ የምትነግሪኝ?»

ጠዋት ለአሰልጣኛችን ደውዬ እንጫወታለን አልኳት፤ ማንንም አላማከርኩም። ለልጆቹ ግን ውሳኔያቸው ምንም ይሁን ምን መጀመሪያ መልበሻ ክፍል ኑና ስሙኝ ብዬ መልእክት ላክሁ። ሁሉም መጡ፤ አንዳንዶቹ ታኬታ ሳይዙ። አሰልጣኛችን ባለችበት ተረቱን ነገርኳቸው። ያወራነው በእንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ ግን ሳስታውሰው ሁሉም በአማርኛ ነው የሚመጣልኝ።

«ሽኮኮ ምንድን ነው?» አለች ዘይነብ።

«ጆሮው ያጠረ ወፍራም ጥንቸል በይው።»

ስልኳ ላይ ፎቶውን ፈልጋ አወጣችና ለሁሉም አሳየች። «እናንተ! አሰልጣኛችንን አይመስልም?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ፤ አሰልጣኛችን ራሷ ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ከሳቁ በኋላ ማንም ስለ መታመም አላነሳም።

ከዚያ አሰልጣኛችን እስክሪብቶ አነሳችና ሰሌዳው ላይ ሜዳ ሣለች። መስመሩን እንለቅላቸዋለን፤ በዳር በኩል እንደፈለጉ ይሩጡ። መሀሉን ግን ተጠጋግተን እንዘጋለን፣ እርስ በርስም ሳናቋርጥ እንጮኻለን። ጎል ሲያጡ ይናደዳሉ፤ ሲናደዱ ሁሉም ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ኋላቸው ባዶ ይሆናል።

«እኔስ?» አለች ክሎይ።

«አንቺ ፊት ትቀሪያለሽ» አልኳት።

«እናንተ ስትደበደቡ እኔ ቆሜ ልመልከት?»

«አዎ።»

«ትሰድቡኛላችሁ።»

«እንሰድብሻለን። እንዳትመለሺ።»

ሜዳው ላይ ዝናብ ያካፋል። ጋሽ ሃብቶም የድሮ የሥራ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ታጣፊ ወንበር ይዘው ከመስመሩ ዳር ተቀምጠዋል። ከማዶ የመጡት ሲያሟሙቁ አየናቸው፤ እየሳቁ ነበር። ቀልዳቸው ስለ እኛ ይሁን ስለ ኩሬው አላውቅም።

የመጀመሪያውን አጋማሽ ኳስ የነካነው ለማውጣት ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። በቀኝ ይመጣሉ፣ ያሻግራሉ፣ በጭንቅላት እናወጣለን። በግራ ይመጣሉ፣ ያሻግራሉ፣ ዘይነብ ትይዛለች። ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። ሌሎቹም እየጮኹ ነበር፤ «ከኋላሽ!» «ያዣት!» «አለሁ!» አንድ ኳስ አግዳሚውን መትቶ ተመለሰ። በዚያ ሁሉ መካከል ክሎይ ፊት ብቻዋን ቆማ በብርድ ትንቀጠቀጣለች፤ እኛም በቃላችን መሠረት ሰደብናት። እረፍት ሲወጣ ባዶ ለባዶ ነበር። አሰልጣኞቻቸው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሲቆጡ ከእኛ ዘንድ ይሰማል። ያን ጊዜ በልጆቹ ፊት ላይ ያየሁትን አልረሳውም፤ ፍርሃቱ ሄዶ ነበር።

ከእረፍት በኋላ እንዳልነው ሁሉም መጡብን። ተከላካዮቻቸው መሀሉን አልፈው እኛ ክልል ውስጥ ቆሙ። አንድ ኳስ ነጥቄ ወደ ፊት ረጅም መታሁ፤ ክሎይ ብቻዋን ሮጠች፣ ከበረኛዋ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች፣ መታች፣ ኳሱ በቋሚው ጎን አለፈ። ጭቃው ላይ ተንበረከከች። ሌላ ዕድል የምናገኝ አልመሰለኝም። ከመስመሩ ዳር ግን አንድ የሽማግሌ ድምፅ በአማርኛ ጮኸ፤

«አይዞሽ አንቺ ልጅ! ቦታሽን አትልቀቂ!»

ክሎይ አማርኛ አታውቅም። ግን ዞር ብላ አየቻቸው፣ ተነሳች፣ ወደ ቦታዋም ተመለሰች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የማዕዘን ምት አገኙ። በረኛቸው ሳትቀር ወደ መሀል ሜዳ መጥታ ነበር። ዘይነብ ከሁሉም ጭንቅላት በላይ ዘላ ኳሱን ያዘችና፣ ማንንም ሳትጠብቅ በሙሉ ኃይሏ ለጋችው። ኳሱ ከተከላካዮቹ ጀርባ አረፈ። ክሎይ ከመሀል ሜዳ ስትነሳ አየሁ፤ በረኛዋ ልትከለክላት ሮጠች፣ ክሎይ በጎኗ አለፈቻት፣ ፊቷ ባዶ ጎል ቀረ። ይህን ጊዜ አልቸኮለችም። ኳሱን እስከ መስመሩ ድረስ ነድታ፣ በውስጥ እግሯ ገፋ አድርጋ አስገባችው።

ፊሽካው ሲነፋ ጭቃ ላይ ተነባብረን ወደቅን። ጋሽ ሃብቶም ከወንበራቸው ተነስተው ባርኔጣቸውን ያውለበልባሉ። የዘይነብ ሳቅ በሜዳው ሁሉ ይሰማ ነበር። የተሸናፊዎቹ አምበል ዓይኗ እንደቀላ መጥታ ጨበጠችኝ፤ «እንዴት ነው ያደረጋችሁት?» አለችኝ። ልነግራት ፈለግሁ፣ ግን ረጅም ነበር።

ዋንጫውን አልወሰድንም፤ በሚቀጥለው ዙር በሌላ ቡድን ተሸንፈን ወጣን። በሚቀጥለው ዓመትም ከማዶዎቹ ጋር ተገናኘን፤ ዘዴያችንን አውቀውት ነበርና አራት ለባዶ አሸነፉን። ጋሽ ሃብቶም ዛሬ የሉም። እኔም ሥራ ይዣለሁ፣ ከእኔ የሚበልጥ ነገር በየጊዜው ፊቴ ይቆማል፤ አንዳንዴ ይጥለኛል፣ አንዳንዴ እጥለዋለሁ። ከዚያ ሁሉ በውስጤ የቀረውን ሳስብ ግን የሚመጣልኝ ያሸነፍንበት ቀን ሳይሆን አራት ለባዶ ከተሸነፍን በኋላ ያለው የአውቶቡስ ጉዞ ነው። ክሎይ በጉም በተሸፈነው መስታወት ላይ በጣቷ ሜዳ ሥላ፣ ቀጥሎ ስንገናኝ በየት በኩል እንደምንገባ ታስረዳለች፤ ዘይነብ ትከራከራታለች፤ ባለፈው ዓመት ታመናል እንበል ያለችው ልጅ ደግሞ ሁለቱንም ዝም አሰኝታ ስለ ራሷ ዕቅድ ታወራለች። የሚሰማቸው ሰው ቢኖር ኖሮ ያሸነፍነው እኛ በመሰለው ነበር።