ለግራማፎኑ የመጣ አንጮቴ

ያን እሑድ ከሰዓት በኋላ... በጃንሆይ ጊዜ ነው፣ ወለጋ፣ ዲጋ ውስጥ በተከራየኋት ክፍል መሃል እጆቼን ወደ ላይ ዘርግቼ ቆሜያለሁ። ብቻዬን።

ከሸዋ ተመድቤ የሄድኩ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ለትምህርት ቤታችን ስፖርት ማስተማሪያ ተብሎ ከአዲስ አበባ በእጅ የሚጠመዘዝ ግራማፎን፣ አንድ ሸክላና የሚሰቀል ሥዕል መጥቶልናል። ሥዕሉን ዛፍ ላይ እሰቅልና ሸክላውን አስጀምራለሁ። ሸክላው ላይ የተቀዳው ሰውዬ «እጅ ወደ ላይ! አንድ... ሁለት... በጣም ጥሩ ነው!» ይላል። ልጆቹ አማርኛው ባይገባቸውም ሥዕሉን እያዩ ይሠራሉ፤ ሣጥን ውስጥ ባለው ሰውዬም ይስቃሉ።

የትምህርት ቤቱ በር ቁልፍ ስላልነበረው ዓርብ ዓርብ ግራማፎኑን ቤቴ ይዤ እገባለሁ።

እሑድ መንደሩ በሙሉ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ ከዚያ በየዘመዱ ቤት ይገባል። እኔን «ግቢ» የሚለኝ የለም። ብቸኝነቱ ሊገድለኝ ነበር። ስለዚህ ሸክላውን እከፍትና ከሰውዬው ጋር ስፖርት እሠራለሁ። «በጣም ጥሩ ነው!» ሲል ለእኔ ያለው ይመስለኝና ደስ ይለኛል... ምን ላድርግ!

ያን ዕለት በሩ ተንኳኳ። ከግድግዳው ወዲያ የሚኖሩት አከራዬ አዴ ጫልቱ ናቸው፤ እሳቸው አማርኛ ይችላሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለክብር እንግዳ የሚቀርበውን የወለጋ ሥራ ሥር፣ አንጮቴን፣ ቀቅለው ቅቤ በቅቤ አድርገው በትልቅ ሳህን ይዘዋል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ... እንግዳ መጥቶብሽ እንዴት ዝም ትያለሽ? ሳይበላ ይሂድ?»

«የምን እንግዳ?»

«ወንድምሽ ነው? ድምፁን ሰማሁት እኮ!»

ሰውዬው ከሣጥኑ ውስጥ «ወገብ ያዝ!» አለ። በጣቴ ወደ እሱ ጠቆምኩ። ሀፍረቴን አልነግራችሁም... ጠያቂ የሌለኝ ሰው መሆኔን በገዛ ጣቴ ማሳየቴ ነበር።

ይስቁብኛል ብዬ ነበር። ሳህኑን አልጋዬ ላይ አስቀምጠው አጠገቡ ቁጭ አሉ።

«እኔ ሁልጊዜ መምጣት እፈልጋለሁ» አሉ። «አንቺ ግን አስተማሪ ነሽ፣ የመንግሥት ሰው... ፈራሁ። ለእንግዳ ሲሆን ግን ማን ይከለክለኛል?»

ለካ እሳቸውም ከግድግዳው ወዲያ ሆነው ሰበብ ሲፈልጉ ኖረዋል። እንባዬ መጣ። ከአንድ ሳህን በላን። ግራማፎኑ ኃይሉ አልቆ ቆመ፤ መልሼ አልጠመዘዝኩትም።

ዛሬ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምኖረው። ልጆቼ የየራሳቸውን ቤት ይዘዋል። ቴሌቪዥኔ ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ ድምፁንም ሆን ብዬ ከፍ አደርገዋለሁ። እስካሁን ሳህን ይዞ የመጣ የለም...

ያንኳኳ ጎረቤት ግን አለ፦ «እማማ፣ እባክዎ ትንሽ ይቀንሱት!»