ዓሣዎቹ ያልበሉት

አጥኚው ዕድሜውን የገፋው ዓሣ ስንት እንደሚበላ በማስላት ነው። ዓሣው ምን ያህል ክብደት እንደጨመረና ውሃው ምን ያህል እንደሞቀ ካወቀ፣ የበላውን በሒሳብ ይደርስበታል። ይህን ቀመር ለመፈተን ስድስት ገንዳ ሙሉ ዓሣ ይዞ፣ ምግባቸውን በገዛ እጁ እየመዘነ ሦስት ወር አበላቸው። ውጤቱ ጉድ ሆነ፤ ቀመሩ ከሚለው በሲሶ የሚበልጥ በልተዋል! "ቀመሩ ውሸት ነው" ብሎ ደረቱን ነፍቶ ለአለቃው ሪፖርት ጻፈ።

ሪፖርቱን ይዞ ሲወጣ ገንዳ የሚያጥቡትን እትዬን አገኘና ነገራቸው።

"በልተዋል?" አሉ እትዬ፣ ቱቦውን ከገንዳው እያወጡ። "ታዲያ ይሄ ጠዋት ጠዋት ከስር ጠርጌ የምደፋው የማን ምሳ ነው ልጄ?"

አጥኚው ክው አለ። ለካ የሰጣቸውን እንጂ የበሉትን አልመዘነም! ሪፖርቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ፈተናውን እንደ አዲስ ጀመረ። እትዬ የሚጠርጉትን ትራፊ እየተቀበለ፣ እያደረቀ መዘነ። በወሩ ቀመሩ ከሚለው ጋር ያለው ልዩነት ከእፍኝ አነሰ።

አሁን አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ታሪኩን ቀድሞ የሚያወራው ራሱ ነው። "ምስኪን ዓሣ በሆዳምነት ስከስስ የከረምኩት እኔ ነኝ" ይላል እየሳቀ፤ "ዶክተር ተብዬው!"