ከስፒከሩ ሥር የገባው ጎማ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት... እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቤቴ ጋደም ብዬ ሙዚቃ እየሰማሁ ሳለ፣ ጓደኛዬ ኸድር አራት ወፋፍራም የጎማ ቁራጮች ይዞ ከች አለ። የስፒከርና የሬዲዮ ዕቃ ነው የሚሸጠው።

«ስፒከርህ ሥር አድርጋቸው፤ ድምፁ ጥርት ይልልሃል።»

«ጎማ ደግሞ ከድምፅ ጋር ምን አገናኘው?» አልኩት።

እንሞክር ተባባልን። እኔ ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ፤ እሱ ጎማዎቹን ያስገባል፣ ያወጣል፤ እኔ እገምታለሁ።

«አሁን ገባ! በደንብ ጠራ!» አልኩ።

«ወላሂ ጫፉንም አልነካሁት!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ።

ደጋገምነው... አንዱንም አላገኘሁትም። በመጨረሻ ጎማዎቹን እዚያው ስፒከሩ ሥር ትቷቸው ስለ ጆሮዬ ስንጨቃጨቅ በሩ ተንኳኳ።

ጎረቤቴ እትዬ አለም ናቸው። ስፒከሩ የተቀመጠበት ጣውላ የተመታው በእኔና በእሳቸው ቤት መሀል ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ከባለቤታቸው ከጋሽ ታደሰ ጋር ዕድሜያቸውን ካርቱም ኖረው፣ ጦርነቱ ሲመጣ ነው ወደዚህ የሸሹት።

«በዛ እንዴ እትዬ? ልቀንሰው?»

«አይ ልጄ... ዛሬ ምን አደረግኸው ልልህ ነው። ቅድም ግድግዳው መንቀጥቀጡን ተወ፣ ደግሞ ጀመረ፣ ደግሞ ተወ። አሁን ዘፈኑ ይሰማል፤ አልጋችን ግን አይርገበገብም።»

ኸድር «አላልኩህም?» በሚል ዓይን አየኝ። ልስቅ ስል...

«ታደሰ ከአልጋው ሥር ወጣ» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

አልገባኝም።

«ግድግዳው ሲርገበገብ ከባድ መሣሪያ ይመስለዋል። የካርቱሙ ቤታችን እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ሙዚቃ መሆኑን ያውቃል እኮ... ሰውነቱ ነው እንቢ የሚለው።»

ጋሽ ታደሰ የከባድ መኪና ሾፌር የነበሩ፣ በር የሚሞሉ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ነው የምከፍተው... በየቀኑ።

«ለምን እስከዛሬ አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ባሌ አልጋ ሥር ይገባል ብዬ? ብትነግሪው ከዚህ ቤት እወጣለሁ ብሎኛል።»

«ከእንግዲህ እንዲህ ከተርገበገበ ግድግዳውን ደብደብ ያድርጉልኝ፤ ወዲያው አጠፋለሁ» አልኳቸው።



«ግድግዳውን? እኔው ልደብድበው?» አሉ... ከዚያ ቀስ ብለው ተመለሱ።

ኸድር አንገቱን ደፋ። እኔም ሙዚቃውን ዘጋሁት።

ጥሩ ጆሮ አለኝ ብዬ ነበር እኮ የምከራከረው።